ለጎንደር ልጆች፦ የፖከር ውድድር የመጀመሪያው ሰዓት

ልጆቼ፣

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከሰዓት በኋላውን ሲዘጋው ከአራዳ እስከ ማራኪ በየግቢው ካርታ ሲበወዝ ይውላል። ድሮ ኮንከር ነበር፤ አሁን ከስልክ የተማራችሁት ፖከር መጥቶ፣ ስምንትም አሥርም ሆናችሁ ውድድር ታደርጋላችሁ። ፕሮባብሊቲ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ሁልጊዜ የምትከራከሩበትን ጥያቄ በሒሳብ ልመልስላችሁ። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ቆጥቦ መጫወት ነው የሚሻለው ወይስ ገፍቶ መሄድ? ስትገቡ ቆጥቡ። ገብታችሁ ካርታው ከያዘላችሁ ግን ለመጨመር እጃችሁ አይንቀጥቀጥ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ቺፕስ ለሌለው ቆርኪ ይበቃል፤ ዳማ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ ሰው 20 የኮካ ቆርኪ እንደ 25፣ 25 የዳሽን እንደ 100፣ 14 የአምቦ እንደ 500 አድርጋችሁ ብትሰጡ ልክ 10,000 ይሞላል። ብላይንዱ፣ ማለትም ከአዳዩ በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ የሚያስቀምጡት ግዴታ፣ 50 እና 100 ሆኖ ይጀምር። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የትልቁን ብላይንድ 100 እጥፍ ይዛችሁ ትነሣላችሁ። በየ20 ደቂቃው ወደ 75 እና 150፣ ወደ 100 እና 200፣ ወደ 150 እና 300፣ ወደ 200 እና 400፣ ከዚያም ወደ 300 እና 600 ይውጣ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ በእነሱ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሥር ሰው ተቀምጧል፣ ሽልማቱ በድምሩ 1,000 ብር ነው እንበል፤ ለአንደኛ 500፣ ለሁለተኛ 300፣ ለሦስተኛ 200። ሁሉም እኩል ቆርኪ ይዞ፣ ችሎታውም እኩል ሆኖ ሲነሣ የእያንዳንዱ ድርሻ 100 ብር ያወጣል። በመጀመሪያው እደላ ሁለቱ ያላቸውን ሁሉ አስገቡና አንዱ ወጣ። ያሸነፈው አሁን 20,000 አለው። ቆርኪው እጥፍ ሆኗልና ድርሻውም 200 ብር የገባ ይመስለዋል፤ ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ላይ ነው። አንደኛ የመሆን ዕድሉ 20 ከመቶ፣ ሁለተኛ የመሆን 17.8፣ ሦስተኛ የመሆን 15.6 ነው። እያንዳንዱን በሽልማቱ አባዝታችሁ ብትደምሩት 184 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። የቀረው 15 ብር ከ60 ሳንቲም ጣታቸውን ሳያነሡ ለተቀመጡት ስምንት ሰዎች ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዳቸው 1 ብር ከ95 ሳንቲም ደረሳቸው።

እንግዲህ 100 ብር አስይዞ 84.40 ለማግኘት የሚጫወት ሰው፣ ኪሳራ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ እንኳ 54.2 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልገዋል። አንደኛውን እደላ “ወይ እጥፍ ወይ ቤቴ” ብሎ በግማሽ በግማሽ ዕድል የሚገባ ልጅ ድፍረት ያለው ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ለጎረቤቶቹ ገንዘብ ማደል ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሚታደሉት ሁለት የእጅ ካርታዎች አስ እና ኪንግ ደርሷችኋል፤ ከፊታችሁ ያለው ሰው 10,000ውን በሙሉ አስገባ። ካርታው ያምራል፣ እጅም ያሳክካል። ነገር ግን ሰውየው የክዊን ጥንድ ከያዘ የማሸነፍ ዕድላችሁ ከ43 እስከ 46 ከመቶ ነው። የኪንግ ጥንድ ከያዘ ወደ 30 ይወርዳል፣ የአስ ጥንድ ከያዘ ደግሞ እጅግ ያንሳል። መሐል ያለው የ150 ብላይንድ ይህን አይክስም። ጣሉት። ከፊታችሁ ማንም ሳይገባ እናንተ ቀድማችሁ በ300 ብትከፍቱ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ የሚጥለው ሌላው ነው። ጭማሪን ለመከተል፣ ለመጨመር ከሚበቃው የጠነከረ ካርታ እንደሚያስፈልግ አትርሱ። የአስ ጥንድ ከመጣላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ደቂቃም ቢሆን ሁሉንም አስገቡ፤ በ221 እደላ አንዴ ነው የሚመጣው፣ በሌላ ጥንድ ላይም 80 ከመቶ ገደማ ያሸንፋል።

መቆጠብ ስል እየፈሩ ሁልጊዜ መጣል ማለቴ አይደለም። ቁጠባው ትርፍ የሚያመጣው ትንሽ ከፍሎ ብዙ የሚያስገኝ ካርታ ስትመርጡ ነው። የዚህ ዋናው ትንንሽ ጥንድ ነው። ሁለት 5 ይዛችሁ አንዱ 300 ጨመረ እንበል። መሐል ለሁሉም ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲወጡ ሌላ 5 የመምጣቱ ዕድል 11.8 ከመቶ ነው፤ በስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ማለት ነው። ሲመጣም ሁልጊዜ አይከፈላችሁም፤ ስለዚህ እናንተም እሱም ከምትከፍሉት ቢያንስ ከ15 እስከ 20 እጥፍ፣ ከ4,500 እስከ 6,000፣ ከኋላ ሊኖራችሁ ይገባል። በመጀመሪያው ሰዓት ይህ ሞልቷል፤ በሦስተኛው ሰዓት የለም። ርካሹን ጊዜ ተጠቀሙበት የምላችሁ ለዚህ ነው።

5ቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ አድብቶ መቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው። የሁለታችሁ 300 እና ብላይንዱ ተደምሮ መሐል 750 አለ። 500 አስቀምጡ፤ ከተከተለ 1,750 ይሆናል። በአራተኛው ካርታ 1,200፤ መሐሉ 4,150 ይደርሳል። በአምስተኛው 2,800፤ መሐሉ 9,750 ሆነ። ትንሽ ካርታ ይዞ በ300 የገባ ሰው፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ በሦስት እርምጃ የአንድ ሰው ግማሽ ሀብት ወደ ራሱ አመጣ። “ልሸምቅ” ብሎ ሁለቱን እርምጃ በዝምታ ያሳለፈ ግን መሐሉ 750 እንደሆነ ይቀርና መጨረሻ ላይ ብዙ ቢጠይቅ የሚከተለው አያገኝም።

በተቃራኒው የሚጎዷችሁ ካርታዎች አስ ከ9፣ ኪንግ ከጃክ፣ ክዊን ከ10 ናቸው፤ በተለይ ብዙ ሰው ከኋላችሁ ገና ሳይናገር። ገጠሙ እንኳ አስ ሲወጣ የሚከተላችሁ የተሻለ አስ የያዘው ነው። ትንሽ ታሸንፋላችሁ፣ ብዙ ትከስራላችሁ። ከዚህም ጋር ይሄን ልብ በሉ፦ አንድ ጥንድ ብቻ ይዞ 100 ብላይንድ ማስገባት የጀማሪ ሞት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በአራተኛው ካርታ ላይ ድንገት ከጨመረባችሁ፣ ጥንዳችሁን አስረክቡ።

የምትጥሉበት ጊዜ ባዶ ጊዜ አይደለም። ስልኩን አስቀምጡና መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ ማን በምን እንደጨመረ ያዙ። ይህን በኋላ ትበሉበታላችሁ።

ገፍቶ መሄድን የሚያበረታቱትም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሽልማቱ ለአንደኛ ብቻ ከሆነ ያ የ15 ብር ከ60 ቅናሽ የለም፤ እጥፍ ቆርኪ እጥፍ ዋጋ ነው። የወጣ ሰው እንደገና ከፍሎ መግባት ከቻለም ስሌቱ ይለወጣል። ስልክ ላይ ብላይንዱ በየ3 ደቂቃው የሚዘል ከሆነማ “መጀመሪያ” የሚባል ነገር ራሱ የለም።

ቁጠባም ቀነ ገደብ አለው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባላል፤ እዚህ ግን ብላይንዱ አይጠብቅም። በ20 ደቂቃ አሥር ያህል እደላ፣ ማለትም አንድ ዙር ብትጫወቱ፣ ምንም ሳይነካ የተቀመጠ ሰው በአምስት ደረጃ 150፣ 225፣ 300፣ 450 እና 600 ይከፍላል፤ በድምሩ 1,725። ወደ 300 እና 600 ሲገባ በእጁ 8,275 ይቀረዋል፤ ከ14 ብላይንድ ያነሰ። ያኔ 300 ከፍሎ ሌላ 5 መጠበቅ የለም። ሌላ ከመክፈቱ በፊት ቀድሞ ሁሉን ማስገባት ነው የሚያዋጣው፤ ሌላው ካልተከተለ መሐል ያለውን 900 ያለ ካርታ ይወስዳል። ተስፋ መቁረጥ ግን የለም፦ በ1982 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋሱ የዓለም ውድድር ጃክ ስትራውስ አንዲት ቺፕ ብቻ ቀርታው ተነሥቶ አሸንፏል።

አንድ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የወጣ ልጅ ጓደኞቹ እስኪጨርሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ተናዷል፣ ዝናብ ነው፣ መሄጃ የለውም። ከወጡት ጋር ጥግ ይዞ በጥሬ ገንዘብ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል፤ የቤት ኪራይና የመመዝገቢያ ብር የሚያልቀው በዚያ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ ስትጀምሩ ተስማሙ፦ የወጣ ሰው ካርታ ያድላል፣ ሰዓቱን ይይዛል፣ ብላይንድ ሲጨምር ይጮኻል፣ የየሰውን ቆርኪ ቆጥሮ ይጽፋል። ጥጉ ላይ ሁለተኛ ካርታ አይከፈት።