የሁለት ሻጭ ደመወዝ ለአንዲት ልጅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቅ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ዌብሳይት አሠራሁ። ያምራል፤ ግን በእሱ በኩል የመጣ ትእዛዝ በጣት የሚቆጠር ነው። ውጭ ያሉት ደንበኞቼ አሁንም የሚጽፉልኝ በቴሌግራም ነው። በቅርቡ ደግሞ ዲዛይንም ኮድም የምትሠራ ወጣት መጣች። የጠየቀችኝ ደመወዝ የሁለት ሻጮች ነው። ባለቤቴ «ፎቶ ለመለጠፍ ይሄን ያህል?» ትላለች። እኔም አመነታሁ። ምን ይመክሩኛል?
ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷን ይሞክሯት። ፎቶ እንድትለጥፍ ብቻ ከሆነ ግን ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ከሠራው ቡድን ጋር ነበርኩ። ፕሮግራመሮቹ ጎበዞች ነበሩ። ሲስተሙ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ታካሚዎቹ ግን በሰዓታቸው አይመጡም። «የእኛ ሰው ሰዓት አያከብርም» ተባለ። ይሄ አባባል እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንዲት ግራፊክስም ኮድም የምትሠራ ልጅ ግን እንግዳ መቀበያው ጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው ገቡ። መልእክቱ «8:00» ይላል። ለካ ሲስተሙ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት። እኚህ እናት አንዲት ደቂቃ አላረፈዱም! ልጅቷ የዚያኑ ዕለት መልእክቱን «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላ በቃል እንዲጽፍ አደረገችው። ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰችው።

እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልግዎ። ደንበኛው የት ጋ እንደሚደናቀፍ ዓይኗ ያያል፣ እጇ ያስተካክላል። አንዱ አይቶ ሌላው ሲሠራ መሃል ላይ ብዙ ነገር ይጠፋል።

የኬንያው ኤምፔሳም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2005 እ.ኤ.አ. በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ሰዎች ከብድር ተቋም የወሰዱትን ገንዘብ በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ያዙ። ሠሪዎቹ ይህን አይተው ሐሳባቸውን ቀየሩ። በ2007 ለሕዝብ ሲወጣ ዋናው ነገር ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ሆነ።

አሁን ወደ እርስዎ ሱቅ ልምጣ። አድራሻውን ስለላኩልኝ ዌብሳይቱን ከፍቼ አየሁት። «ሀበሻ ቀሚስ» ብዬ ፈለግሁ። ምንም የለም አለኝ። በ«ሐ» ስጽፈው ቀሚሱ ተደረደረ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያየ ፊደል ነው። ሠሪው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ እንዲያያቸው ማድረግ ነበረበት። ለማዘዝ ስሞክር ደግሞ የቤተሰብ ስም ጠየቀኝ። የአባቴን ልጻፍ ወይስ የአያቴን? ልኩ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብቻ ነው። የሐበሻ ቀሚስ እንዲህ ይሸጣል እንዴ? ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት ይለካል። አሜሪካ ያለችው ደንበኛዎ ደግሞ በእጇ ያለው ሜትር በኢንች ሊሆን ይችላል። ወደ ቴሌግራም የሚሄዱት ወደው አይደለም። እዚያ ቢያንስ የሚጠይቁት ሰው አለ።

ፎቶዎቹም አሳዘኑኝ። በሱቅ አምፖል ስለተነሱ ነጩ ጥጥ ቢጫ ሆኗል። ሸማኔው ስንት ቀን የደከመበት ጥለት አይለይም። ጠዋት በሩ ጋ፣ ጥላ ላይ ቢነሳ ክሩ ሳይቀር ይታያል።

ልጅቷን በአንዴ በቋሚነት አይቅጠሯት። ለ3 ወር ይዋዋሉ፣ የሙከራውንም ጊዜ ይክፈሏት። የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒዩተር አትንካ። ሱቅ ውስጥ ትቀመጥ። ደንበኛ ሲከራከር ትስማ። ከተቻለ ሸማኔው ዘንድ ትሂድ። በሳምንቱ መጨረሻ «ደንበኞቼ የት ጋ ይቸገራሉ?» ብለው ይጠይቋት። ስለ ቀለም ብቻ ካወራችልዎ ትቅርብዎት። «ፋሲካ ሲቃረብ ሁሉም የሚጠይቀው መቼ ይደርስልኛል ብሎ ነው፤ ዌብሳይቱ ላይ ግን የለም» ካለችዎ አያመንቱ። የጠየቀችው ደመወዝ አይበዛባትም። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እርስዎም ሻጮችዎም ተኝታችኋል፤ እሷ ያስተካከለችው ገጽ ግን ትእዛዝ ይቀበላል።

አንድ አደራ አለኝ። የዌብሳይቱ ስምና የይለፍ ቃሉ በእርስዎ እጅ ይሁን። የድሮው ሠሪ ዘንድ ከሆነ ልጅቷ ሥራ ሳትጀምር ይረከቡት።

ለባለቤትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሱቁ ውስጥ የሚውሉ ከሆነ የልጅቷን ወንበር እሳቸው አጠገብ ያድርጉት።