መልስ፦ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን አበልጽጓታል ወይ?

ጠያቂው «አፓርታይድ ክፉ ቢሆንም አገሪቱን አበልጽጓት የለ ወይ?» ብለዋል። ያበለጸጋት ወርቁና አልማዙ ነው፤ ሰውን በዘር የሚለየው የአፓርታይድ ፖሊሲማ ሲያስከፍላት ኖሯል። አፓርታይድ በይፋ ከመምጣቱ በፊት እንኳ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። መሬት ያጣ ገበሬ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ወረደ፤ እዚያም የሠለጠነው ሥራ በሕግ ለነጭ ተከልሏል። የ1953ቱ የባንቱ ትምህርት ሕግ ደግሞ ልጁን ለጉልበት ሥራ አዘጋጀው። በኋላ ፋብሪካዎች ባለሙያ አጣን ብለው ሲጮኹ ማን ይገረማል?

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መርካቶ ለመድረስ ሳይነጋ ተነሥቼ እሰለፋለሁ። የእኔ ርቀት የቤት ዕጣ ጣጣ እንጂ የዘር ሕግ አይደለም። የጥቁሮች መኖሪያ የነበረችው የሶዌቶ ሠራተኛ ግን ከጆሃንስበርግ እንዲርቅ የተፈረደበት በቆዳው ቀለም ነው፤ ከዚያ መንግሥት የመመላለሻውን ወጪ ይደጉም ነበር። አርቆ አስፍሮ፣ መልሶ ለማምጣት መክፈል!

በ1985 የውጭ ባንኮች ብድር አናራዝምም ሲሉ የአገሪቱ ገንዘብ ራንድ አሽቆለቆለ፤ መንግሥትም የዕዳ ክፍያውን አገደ።