«ከእግሬ ሰሊጥ ይወጣል»፦ የቆዳ ሕመምን ለማጥናት ለተነሣችሁ ወጣቶች

የተከበራችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣

የቆዳ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከገጠሙኝ ስሕተቶች ሁሉ አንዱን ለእናንተ መንገር የፈለግሁት እኔው ራሴ የሠራሁት ስለሆነና ዛሬም በየጤና ተቋሙ ሲደጋገም ስለማየው ነው። ከምዕራቡ ቆላ፣ ከሰሊጥ እርሻ የመጣ የሠላሳ ዓመት ገደማ ጎልማሳ ነበር። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አብጦ ጫማ አልገባ ካለው ስድስት ዓመት ሆኖታል። እብጠቱ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩበት። ያመው እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ኧረ ዶክተር፣ አያመኝም፤ ግን ከእግሬ ሰሊጥ ይወጣል» አለኝ። እኔም ፈገግ አልኩና በካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ፈሳሽ አለው» ብዬ ጻፍሁ።

ሕመሙ ማይሴቶማ ይባላል። በቆዳ ሥር የሚጀምር፣ ሳያሳምም በዓመታት ውስጥ ሥጋን፣ ኋላም አጥንትን የሚበላ በሽታ ነው። እብጠት፣ ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚወጣ ጥቃቅን ፍሬ ሦስቱ መለያዎቹ ናቸው። እብጠቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ዝሆኔ» ብሎ ያልፈዋል፤ ቀዳዳውን ብቻ የሚያይ ደግሞ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ይላል። ፍሬውን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ጊል የተባለ ሐኪም በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ ስለ ጉዳዩ ጻፈ። በ1860 ደግሞ በቦምቤይ ይሠራ የነበረው ቫንዳይክ ካርተር ማይሴቶማ የሚለውን ስም ሰጠው። ማዱራይ እስከ ዛሬ «የማዱራ እግር» በሚለው ስም ትነሣለች፤ ዋነኛው ፈንገስም ማዱሬላ ይባላል። ከተሞች በበሽታ ስም ሲታወሱ ደስ አይለኝም፤ ግን ስሙ ጸንቷል። በሽታው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከ15 ዲግሪ እስከ በስተሰሜን 30 ዲግሪ ባለው ደረቅ ቀበቶ ይበዛል፤ ሱዳን፣ ሴኔጋል፣ ሞሪታኒያ፣ ሶማሊያ፣ የመን፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮና የእኛም አገር በዚህ ቀበቶ ውስጥ ናቸው። የሚይዘውም በአብዛኛው ገበሬውን፣ እረኛውንና የቀን ሠራተኛውን፣ ያውም ጉልበቱ በሚፈለግበት ዕድሜ ላይ ያለውን ነው።

ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ማይሴቶማ አንድ ስም ይኑረው እንጂ ሁለት በሽታ ነው። አንደኛው ከፈንገስ ይመጣል፤ ሁለተኛው የፈንገስ ክር የሚመስል አካል ካላቸው፣ አክቲኖማይሴት ከሚባሉ ባክቴሪያዎች ነው። ከውጭ ሲታዩ እግር ከእግር አይለይም፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የባክቴሪያው ዓይነት ኮትሪሞክሳዞልንና እንደ አሚካሲን ያሉ መርፌዎችን በማቀናጀት ብዙ ጊዜ ይድናል። የፈንገሱ ዓይነት ግን ከአንድ ዓመት ያላነሰ የፀረ ፈንገስ ኪኒንና ቀዶ ሕክምና እየጠየቀ፣ ብዙውን ጊዜም እየተመለሰ፣ ስንቱን ለመቆረጥ ይዳርጋል። እኔ በዓይኔ አይቼ «ፈንገስ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ የምናዘው ኬቶኮናዞልን ነበር። (ይህ ኪኒን ጉበትን ስለሚጎዳ በ2013 በአሜሪካና በአውሮፓ አጠቃቀሙ ተገድቧል።) ሰውየው መድኃኒቱን ለመግዛት በሬ ሸጧል፤ አሥራ አራት ወር ሳያቋርጥ ዋጠ። እግሩ ግን እየባሰበት ሄደ፤ እኔም መጠኑን ጨመርሁ።

ያዳነው በቅርቡ የተቀጠረ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ካርዱን አገላብጦ ካየ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ ፍሬውን አይተነዋል እንዴ?» አለኝ። አላየነውም። የዚያኑ ዕለት ከቀዳዳው ጠርዝ በጨው ውኃ በረጠበ ፋሻ የሰበሰብነውን አጥበን በነጭ ሳህን ላይ ስናደርገው፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ልክ እንደተፈተገ ሰሊጥ የሆነ ፍሬ አገኘን። በሁለት ስላይድ መካከል ጨፍልቀን በግራም ቀለም ቀለምነውና በማይክሮስኮፕ አየነው። የፈንገስ ክር ወፍራም ነው፤ ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ በየመሀሉም እንደ ሸንበቆ አንጓ አለው። እኛ ያየነው ግን ከ1 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነና ሰማያዊ ሆኖ የተቀለመ ክር ነበር። ባክቴሪያ ነው። ሥራው በሙሉ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

መድኃኒቱን ለወጥን፤ ኩላሊቱንና ጆሮውን እየተከታተልን አሚካሲኑን ሰጠነው፤ ቀዳዳዎቹ በወራት ውስጥ ተዘጉ። አጥንቱ አስቀድሞ ስለተበላ እግሩ እንደ ቀድሞው አልተዘረጋለትም፤ ግን አልተቆረጠም። በሬውን ግን የሚመልስለት አልነበረም።

ይህን የምነግራችሁ ማይክሮስኮፕ ተጠቀሙ ለማለት ብቻ አይደለም፤ ያንንማ በትምህርት ቤትም ይነግሯችኋል። የገረመኝ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን «ሰሊጥ» ብሎኝ እንደነበረ ነው። ማዱሬላ የሚያወጣው ፍሬ ጥቁር ነው፤ ያ ቢሆን ኖሮ ሰሊጥ ሳይሆን ጥቁር አዝሙድ ባለኝ ነበር። ቀለም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ነጣ ያለ ፍሬ የሚያወጡ ፈንገሶችም ስላሉ ለማረጋገጥ ናሙናው የግድ ነው። ቢሆንም ሰሊጥ ሲያጭድ የኖረ ሰው የሰሊጥን መልክ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ጥርጣሬዬን መቀስቀስ የነበረበት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ፈሳሽ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሕመምተኛው የተናገረውን ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋችሁ ጻፉ። አማርኛም ይሁን ጉሙዝኛ፣ አገውኛም ይሁን ትግርኛ፣ የተናገረው ሳይለወጥ ይስፈር።

ናሙናን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከቀዳዳው አፍ በጥጥ የተወሰደ ናሙና በላዩ የሰፈረውን ሌላ ባክቴሪያ ያበቅልና ያሳስታችኋል። ከጥልቅ የተወሰደ ባዮፕሲ (ተቆርጦ የወጣ ሥጋ) ወይም በመርፌ የተሳበ ናሙና ላኩ። ከላቦራቶሪው የሚመለሰው ወረቀት እናንተ ከላካችሁት ሥጋ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልጋችሁም። ይህ በሽታ በምን መንገድ ወደ ሰው እንደሚገባ ዛሬም በትክክል አይታወቅም። የግራር እሾህ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ነው። ነገር ግን በ2002 ታትሞ በወጣ የሱዳን ጥናት የማዱሬላ ዘረመል ከ74 የአፈር ናሙናዎች በ17ቱ ሲገኝ፣ ከ22 የእሾህ ስብስቦች የተገኘው በአንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ እሾሁ በሩን ይከፍታል እንጂ የሚገባው ከአፈሩ ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን። የከብት እበትም በተጠርጣሪዎች መዝገብ ውስጥ አለ። በአንድ በረት ውስጥ የሚውሉ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ አንዱ ደህና የሚሆነው ለምን እንደሆነም አልተፈታም። በረቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ የአገሬው ልጅ ሳይሆን ማን ይህን ሊያጠናው ነው? ወደ መንደር ስትወጡ ግን «ጫማ ለምን አታደርጉም?» በሚል ጥያቄ አትጀምሩ። ጫማ በጭቃና በሙቀት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ዋጋው ከስንት ቀን የአጨዳ ደመወዝ ጋር እንደሚስተካከል መጀመሪያ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ድረሱበት።

ወጣት ተመራማሪ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ ደክሞ ደክሞ የጠበቀው ውጤት ሳይገኝ መቅረቱ። ለዚህ ከካርቱም የምትማሩት አለ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በሶባ ሆስፒታል በ1991 የተመሠረተውና በፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሃል የተመራው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል፣ በ2017 በፈንገሱ ማይሴቶማ ላይ የመጀመሪያውን በዕጣና በስውር የተደለደለ የመድኃኒት ሙከራ ጀመረ። 104 ሕመምተኞች ተካተቱበት። በጃፓን ለጥፍር ፈንገስ የተሠራው ፎስራቩኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የተለመደው ኢትራኮናዞል ደግሞ በየቀኑ 400 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት ተሰጠ፤ በስድስተኛው ወርም ቀዶ ሕክምና ነበረ። በዓመቱ መጨረሻ ኢትራኮናዞል ከወሰዱት 75 በመቶ፣ አዲሱን መድኃኒት በ200 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 65፣ በ300 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 50 በመቶ ዳኑ። አዲሱ አሮጌውን አላሸነፈም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ በግልጽ ጽፈው በ2024 አሳተሙ። ከዚህ ጋርም በሳምንት ሁለት ኪኒን ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ገበሬ በየቀኑ አራት ከመዋጥ ምን ያህል እንደሚቀል አመለከቱ። እኔ ይህን ጽሑፍ ሳነብ ቀናሁ፤ በእኛ ዘመን «አልተሻለም» የሚል ውጤት ይዘን ብንሄድ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር ይመክሩን ነበርና።

ማዕከሉ ያንን ከማድረጉ በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል መዝገብ ሲይዝ ነው የቆየው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ2016 ማይሴቶማን ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው፣ በዋናነት ካርቱም ያጠራቀመችውን መረጃ ይዘው ደጅ የጠኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምታችኋል። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2023 ተነሣ፤ ማዕከሉ ፈረሰ፤ ለዐሥርተ ዓመታት የተከማቸው የናሙና ባንክና መረጃ ጠፋ። ዜናውን ያነበብሁ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲያ ያለ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ነገር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል ቢያዝን አይገርምም። ጎረቤት ስለሆንን ብቻ ሳይሆን፣ የእኛም መዝገቦች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። የምትሰበስቡት ነገር ሁሉ ከአንድ በላይ በሆነ ከተማ ግልባጭ ይኑረው። የፓራፊን ብሎኩን (ናሙናው በሰም ተደርጎ የሚቀመጥበትን) ለሁለት ከፍሎ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ምንም ያህል ወጪ የለውም።

ሌላው ለእናንተ የተመቸ ነገር የሥጋ ደዌ ሥራ የከፈተልን መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለርት በ1965 ሲመሠረት ያስተማረን የቆዳ ሕመምተኛን በቀን ብርሃን፣ ልብሱን አስወልቆ፣ ከራስ ፀጉር እስከ ውስጥ እግሩ ማየት ነበር። ያ ልማድ ከሥጋ ደዌ ጋር አብሮ እንዳይደክም እፈራለሁ። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ አንድ ቤት ስትገባ ሥጋ ደዌን፣ ዝሆኔን፣ ቁንጭርንና ማይሴቶማን በአንድ ጉብኝት ልትለይ ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ያወጣው የቆዳ በሽታዎች ማዕቀፍ ይህንኑ ቅንጅት ይደግፋል። እብጠቱ ገና የሽምብራ ፍሬ እያከለ ሳለ ቢገኝ በቀላል ቀዶ ጥገና ተነቅሎ ይወጣል። ችግሩ፣ ስለማያምም ማንም ለእሱ ብሎ መንገድ አይጀምርም፤ ወደ ጠበል፣ ወደ ባህል ሐኪም፣ ከዚያ እሳት ሲያስተኩስ ቆይቶ ወደ እኛ የሚመጣው አጥንቱ ከተበላ በኋላ ነው። ዘገየህ ብላችሁ ሕመምተኛውን ከመቆጣታችሁ በፊት የመጣበትን መንገድ ጠይቁት።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ አሮጌ ካርዶችን ስለይ የዚያ ሰው ካርድ እጄ ገባ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀኑ፣ «ፈሳሽ አለው» የሚለው፣ ከሥሩ የኬቶኮናዞል ትእዛዝ። ከዚያ በታች፣ ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ በላቦራቶሪው ልጅ ጽሑፍ በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ሰሊጥ»። ከጎኑም ትንሽ ክብ ሥሎበታል።