«እማዬ ትሞታለች?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ እናት ወይም አባት በጠና ሲታመም ለልጅ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር አለብሽ ተባልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እጀምራለሁ። ቤተሰቦቼ የ6 ዓመት ልጄን «ጨጓራ ነው በያት» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ጨጓራ ነው አትበያት። ነገ እሷም ሆዷን ሲያማት ትሸበራለች። ስሙን ንገሪያት፤ «ጡቴ ውስጥ ካንሰር የሚባል በሽታ አለ። የሚሰጡኝ መድኃኒት ኃይለኛ ነው። ያደክመኛል፣ ፀጉሬንም ያረግፈዋል፤ በኋላ ይበቅላል።» ለጊዜው ይበቃታል። ፀጉር ብዙውን ጊዜ መርገፍ የሚጀምረው ኬሞ በተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ነው። ትራስሽ ላይ ከማየቷ በፊት ትስማ። ሻሹንም አብራሽ ትምረጥ።

አንድ ነገር አደራ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዳሉ። ስንናደድ «እናንተ ናችሁ በሽተኛ ያደረጋችሁኝ» ማለት ለምዶብናል፤ ልጅ ደግሞ ያምነዋል። ሳትጠይቅሽ «በአንቺ ምክንያት አይደለም የታመምኩት» በያት። ደጋግመሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። የ9 ዓመት ልጃችን አባቱ ሲያጎርሰው ፊቱን ያዞራል።

መልስ፦ ይይዘኛል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። የኩላሊት ድክመት በጉርሻም በመተቃቀፍም አይተላለፍም። ይህን ከአባቱ አፍ ይስማ። ማሽኑ ደሙን እንደሚያጣራለት፣ በአንድ ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ፣ ደክሞት የሚመጣውም ለዚህ እንደሆነ ይንገረው። ክንዱ ላይ ያለውን ፋሻ ማየት ከፈለገ ይይ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ በጠና የታመመ ሰው እንዳለ ለልጄ አስተማሪ ልንገራት?

መልስ፦ አዎ። መጀመሪያ ግን ለልጅሽ «ልነግራት ነው» በያት።

ጥያቄ፦ ልጄ በጠና ታማ ተኝታለች። የልጅ ልጄ «እማዬ ትሞታለች?» ስትለኝ «ሟርተኛ!» ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለችኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ደንግጠው ነው። ዛሬ ማታ ጎንዎ ያስቀምጧትና «የተቆጣሁሽ ፈርቼ ነው» ይበሏት። «አትሞትም» ብለው ግን ቃል አይግቡላት። «በጣም ታማለች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን እያደረጉ ነው፤ እኛም እንጸልያለን። አዲስ ነገር ሲኖር እኔ እነግርሻለሁ» ይበሏት። ቢብስባትም ዘመድ ቤት አይላኳት። ስንቶቻችን ነን ልጅ ሳለን አክስታችን ቤት ሰንብተን ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ድንኳን ያገኘን።

ከጥያቄዋ ጀርባ ሌላም ይኖራል፤ ትምህርት ቤት ማን ያደርሰኛል? ፀጉሬን ማን ይጎነጉንልኛል? የሚጎነጉኑላት እርስዎ ከሆኑ «እኔ ነኝ» ይበሏት።