ከባልዲ እስከ ዓሣ ገንዳ

ጥያቄ፦ ሰበታ ጓሮዬ ውስጥ በሸራ ገንዳ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። ለዓሣው መኖ እንዲሆኑ ብዬ በሳጥን ለማረባቸው ቀይ ትሎች የምግብ ቤት ትራፊ በባልዲ ከድኜ አብላልቼ ሰጠሁ። ትሎቹ ግን ከሳጥኑ እየወጡ ያመልጣሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሸሹት አሲዱን ነው። የተብላላ ትራፊ ይኮመጥጣል፤ ትል ደግሞ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። የኛ ትራፊማ ይብሳል፦ እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ፣ ወጡ ጨውና በርበሬ። ወጥ የነካውን ጨርሶ ተወው። ሌላውን ከአፈርና ከተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጋር ደባልቀህ ሁለት ሳምንት ያህል አናፍሰው። አፈር አፈር ሲሸት በሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ ጥቂት አድርግ። ከተስማማቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ትል ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ቆሮሶ ግን አልጌም ይወዳል፣ ትል ብቻ አትቀልበው። ከመስጠትህ በፊት እርጥብ ካርቶን ላይ አሳድራቸው፣ ሆዳቸው ይጽዳ።