ከደሴ ተነሥቶ ጅቡቲ ላይ የጌም ውድድር፦ ደንቡና በጀቱ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በየዓመቱ በፕሌይስቴሽን የፊፋ ውድድር እናካሂዳለን። ጅቡቲ የሚኖሩ የወሎ ልጆች ዘንድሮ ውድድሩ እነርሱ ዘንድ እንዲሆን ጋብዘውናል። 16 ከእኛ፣ 16 ከእነርሱ፣ በድምሩ 32 ተጫዋቾች በአካል ተገናኝተን የምንጋጠምበት የሁለት ቀን ውድድር አስበናል። አዳራሹን በቀን 60,000 የጅቡቲ ፍራንክ ብለውናል። ከየተጫዋቹ መመዝገቢያ ሰብስበን ለአንደኛ የወጣ 150,000 ብር እንሸልማለን ብለን ማስታወቂያ ልናወጣ ነው፤ ደንቡን ከምዝገባው በኋላ እንጽፈዋለን። የሚታይዎት ጉድለት ካለ ቢጠቁሙን።
ከደሴ

መልስ፦ ማስታወቂያውን ለጊዜው ያዙት። አሳባችሁ መልካም ነው፤ የተገላቢጦሽ የሆነው ቅደም ተከተሉ ነው። ሽልማቱን አስቀድማችሁ ደንቡን አስከትላችኋል፤ ሆኖም በደንቡ ላይ የሚሰፍረው እያንዳንዱ መስመር ከበጀቱ ላይ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ፣ ለሽልማት ምን ያህል እንደሚተርፍ የሚታወቀው ደንቡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። 32 ተጫዋቾች አራት አራት ሆነው በስምንት ምድብ ቢደለደሉ የምድቡ ጨዋታ ብቻ 48 ይሆናል። ከየምድቡ ሁለት ሁለት አልፈው እስከ ደረጃና እስከ ፍጻሜ ጨዋታ ሲደርሱ 16 ይጨመርበታልና ጠቅላላው 64 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2022 የተካሄዱት የዓለም ዋንጫዎችም በዚሁ አደላደል ስለነበሩ ስሌቱ ለኳስ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። አንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ቢሆን ቡድን መምረጡ፣ ጨዋታ ማቆሙና ውጤት መመዝገቡ ተጨምሮ ለአንድ ግጥሚያ 20 ደቂቃ መያዝ ይገባል። በአራት ፕሌይስቴሽን የምድቡ ጨዋታ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ጥሎ ማለፉ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ስለሚኖረው ለአንዱ 30 ደቂቃ ተይዞለት 3 ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ ከ32 ሰው ጋር እንኳ ሥራው የ7 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛውን ቀን የምትከራዩት ለምንድን ነው? የጅቡቲ ፍራንክ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የተተመነ ስለሆነ የአንድ ቀን አዳራሽ ብቻውን 338 ዶላር ገደማ ነው።

ያም ሆኖ በጀታችሁን የሚበላው ከአዳራሹ ይልቅ የሰዉ ቁጥር ነው። አዳራሽ፣ ቴሌቪዥንና ጀኔሬተር 16 ሰው ቢመጣም 32 ሰው ቢመጣም ዋጋቸው ያው ነው፤ ትራንስፖርት፣ ቪዛ፣ አልጋና ምግብ ግን በራስ ቁጥር ይባዛሉ። ስለዚህ ምክሬ ተጫዋቾቹ ስምንት ከእናንተ፣ ስምንት ከጅቡቲ ሆነው 16 እንዲሆኑ ነው። አራት ምድብና አራት ፕሌይስቴሽን ስለሚኖር እያንዳንዱ ምድብ የራሱን ማጫወቻ ይዞ 24ቱን ጨዋታ በ2 ሰዓት ይጨርሳል፤ የቀሩት 8 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ሌላ 2 ሰዓት ይበቃቸዋል። የቀሩት የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እዚያው ጌም ቤታችሁ ማጣሪያ ይጫወቱ፤ የማጣሪያው ገቢም ለጉዞው ስንቅ ይሆናል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ይሁን የሚል አይጠፋም። እኔ አልደግፈውም። ባቲን፣ ሚሌን፣ ሰመራንና ጋላፊን አቋርጦ የመጣ ልጅ በ12 ደቂቃ ተሸንፎ ቀኑን ሙሉ የሰው ጨዋታ ሲያይ እንዲውል ማድረግ ደግ አይደለም፤ በምድብ ሲሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጫወታል።

በጀቱን በብር ብቻ አትጻፉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዋዜማ በብር ብቻ ተሠርቶ የነበረ የጉዞ በጀት ወሩ ሳይሞላ በግማሽ ያህል ጎድሎ ተገኝቷል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር እዚያ የተነገራችሁ ዋጋ ብዙም አይነቃነቅም፤ የሚነቃነቀው የእናንተ ብር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወጪ የሚከፈልበትን ገንዘብ፣ የዶላር ግምቱንና የዕለቱን የብር ተመን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ከድምሩ ላይም 15 በመቶ መጠባበቂያ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ቀን አትንኩት።

ገቢውን በሁለት ክፈሉት፤ በእጅ የገባ ገንዘብ አንድ፣ በቃል የተገባ ገንዘብ ሌላ። ስፖንሰር «አለሁ» ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ለአዳራሹ ቀብድ ግን አይሆንም። ከውድድሩ 45 ቀን በፊት የውሳኔ ቀን ቁረጡ፤ በዚያን ቀን ከወጪው 70 በመቶ በባንክ ካልተገኘ ውድድሩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንደሚሆን ከአሁኑ በደንቡ ይጻፍ። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ስም ተከፍቶ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ እንጂ በአንድ ሰው ስልክ ላይ የሚቀመጥ አይሁን። ጓደኛሞች የሚቀያየሙት ብዙውን ጊዜ በተሰረቀ ገንዘብ ሳይሆን ባልተጻፈ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። ከተጫዋቾች ገንዘብ ሰብስቦ ላሸነፈው መስጠት በብዙ ሰው ዓይን ቁማር ነው። ወሎ ውስጥ ሼኹም ቄሱም ይህን እንደሚጠይቋችሁ አልጠራጠርም፤ የምትሄዱበት አገር ሕዝብም አብዛኛው ሙስሊም ነው። ስለዚህ መመዝገቢያው ለአዳራሽና ለመስተንግዶ ብቻ እንደሚውል በግልጽ ጻፉ፤ ሽልማቱ ደግሞ ከማይወዳደር ስፖንሰር ይምጣ። ስፖንሰር ከጠፋ ዋንጫና ጆይስቲክ ሸልሙ። 150,000 ብር ብላችሁ ካወጃችሁ በኋላ 40,000 ከመስጠት ምንም ሳታውጁ ጥሩ ዋንጫ ማቅረብ ይሻላል። የጨዋታው አምራች ኩባንያም አነስተኛ ውድድር ለሚያዘጋጁ ሰዎች ስለ መመዝገቢያ ክፍያና ስለ ሽልማት ያወጣቸው ሁኔታዎች አሉና አስቀድማችሁ አንብቧቸው። በነገራችን ላይ እኛ ሁላችን እስከ ዛሬ «ፊፋ» ብንለውም ኩባንያውና ፊፋ ተለያይተው ጨዋታው ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» በሚል ስም ነው። ሰፈር ውስጥ እንደ ልማዳችን እንጥራው፤ በባነሩ ላይ ግን የፊፋን ስምም ሆነ የክለቦችን አርማ አትለጥፉ።

በደንቡ ውስጥ ብዙ ቀለም ማፍሰስ ያለባችሁ ጠብ በሚነሣበት ቦታ ነው። መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ዳኛው በየ5 ደቂቃው ውጤት የሚመዘግብ ከሆነ በተቋረጠበት ውጤት ላይ የቀሩት ደቂቃዎች ብቻ ይጫወታሉ፤ ካልመዘገበ ግን የሚመራው ይቀጥል፣ የተመራው እንደገና ይጀመር ይላል። ጨዋታ ማቆም የሚፈቀደው ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ብቻ ይሁን፤ ተጋጣሚው ለግብ ሲቃረብ ያቆመ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደግም ሽንፈት ይጠብቀው። ጆይስቲክ በገመድ ይያያዝ፤ በአንድ አዳራሽ ብዙ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ሲበዛ የአንዱ ከሌላው ማጫወቻ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ሁለቱም ሪያል ማድሪድን መምረጥ ይችሉ እንደሆነ፣ በነጥብ እኩል ሲሆኑ የሚቀድመው የግብ ልዩነት ይሁን ወይስ የእርስ በርስ ውጤት፣ 10 ደቂቃ የዘገየ 3 ለ 0 ይሸነፍ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ዕጣ ሳይወጣ ይወሰን። ማጫወቻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እትም ይኑራቸው፤ ማሻሻያቸው አስቀድሞ ይጫን፤ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ይሁን። ቅሬታ ያለው ከመቀመጫው ሳይነሣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያቅርብ፤ ከእናንተ አንድ፣ ከእነርሱ አንድ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ሆነው ሦስት ሰዎች ይፍረዱ። ሽምግልና ለሠርግና ለድንበር ይቆየን።

አንድ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓትና ቀን ነው። ደሴና ጅቡቲ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢሆኑም አቆጣጠራችን ይለያያል። «በ3 ሰዓት እንጀምራለን» ብትሉ ጅቡቲ ያደገው ልጅ በእኛ 9 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ሊመጣ ይችላል። የምዝገባ ቅጹም የትውልድ ዓመትን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠይቅ ይናገር፤ በእኛ 2000 ዓ.ም. የተወለደውን የዚያኛው ወገን መዝጋቢ እንዲሁ ካነበበው ሰባትና ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ዕድሜ በፓስፖርት ይታይ። ደንቡ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና ይገለጽ።

ጊዜውን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ውስጥ አድርጉት። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዳችሁ የባሕር ጠረፍ ላይ ነው የምትጫወቱት፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰውም ማጫወቻም ይዝላል። ኤርኮንዲሽነር የሌለው አዳራሽ ርካሽ ቢሆንም አትውሰዱት። ዓርብ እዚያ የዕረፍትና የጁምዓ ቀን መሆኑን፣ ቀትር ላይ ጫት ከገባ በኋላም ከተማው ለተወሰኑ ሰዓታት ጸጥ እንደሚል አስቡና ከአመሻሹ 10 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ጨርሱ። የኤሌክትሪክ ኃይላቸው እንደ እኛው 220 ቮልት ስለሆነ በዚያ በኩል አብሽሩ። ፕሌይስቴሽን ተሸክማችሁ ከመሄድ ግን እዚያው ተከራዩ፤ የግድ የምትወስዱ ከሆነ ስትወጡ የየዕቃውን መለያ ቁጥር ጉምሩክ ዘንድ አስመዝግቡ፤ አለዚያ ስትመለሱ አዲስ ዕቃ እንዳስገባችሁ ተቆጥሮ ቀረጥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ጅቡቲ ጌም ልንጫወት ነው፣ ሁሉም ነገር በነፃ ነው ይላል። ከሰፈራችን በጅቡቲ በኩል ወጥተው ባሕር ላይ የቀሩ ልጆች ስላሉ እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት?
አንዲት እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እናታችን፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ከወሎ ተነሥተው በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሚሞክሩ ልጆች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው በመሆኑ ብዙ ወጣቶች በአንድነት ሲጓዙ ወላጅም የድንበር ሹምም ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከላይ ለጠየቁን የደሴ ልጆችም የምለው ይህንኑ ነው፤ የመመለሻው ትራንስፖርት ከመነሻው ጋር አስቀድሞ ይከፈል፣ የተጓዦች ስም ዝርዝርና የማረፊያው አድራሻ ለየቤተሰቡ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ሽልማት ያገኘም ያላገኘም አብሮ እንዲመለስ በደንቡ ይግባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ሕጋዊ አሳዳጊ አይጓዝ። የዚህ ሁሉ ወጪ በበጀቱ ውስጥ ካልታየ ጉዞው አልተዘጋጀም ማለት ነው።

እርስዎም አዘጋጆቹን በአካል አግኝተው ደንቡንና የጉዞ ወረቀቱን ያሳዩኝ ይበሉ። የሚያሳይዎት ከጠፋ፣ ወይም ፓስፖርት አያስፈልግም፣ ደላላ ያሻግረናል የሚል ካጋጠመዎት ያ የጌም ውድድር አይደለምና አይፍቀዱ። ወረቀቱ የተሟላ ቢሆን እንኳ የእኔ ምክር ልጅዎ ዘንድሮ ማጣሪያውን ብቻ እንዲጫወት፣ ጉዞውን ደግሞ 18 ዓመት ሲሞላው እንዲያስብበት ነው። ማጣሪያው ደሴ ላይ ከተካሄደ ከሐይቅ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ስለሆነ አብረውት ሄደው ሲጫወት ሊያዩት ይችላሉ።