ከቀመሩ በፊት ግራፉን እዪው

እህታችን፣ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ቡይ (ባሕር ላይ ተንሳፎ ማዕበል የሚለካ መሣሪያ) ያወረድሽው ዳታ የማዕበል ከፍታው ለምን እንደሚዘባረቅብሽ ነው የጠየቅሽው። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተቀምጬ የሰው አገር ውቅያኖስ ስቆጥር ነው የምውለው፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የግማሽ ሰዓቱን መዝገብ በግራፍ አውጪው። በሰከንድ 1.28 ጊዜ የሚለካ ቡይ ከሆነ 2,304 ነጥብ ነው፤ በዓይን ይታያል። ድንገት ሽቅብ የተተኮሰ ነጥብ ካለ ማዕበል አይደለም፣ የመሣሪያ ስህተት ነው። አሜሪካኖቹ ባከማቹት የቆየ መዝገብ ፋይል ላይ በማዕበል ከፍታው ዓምድ 99.00 ካየሽ ደግሞ «አልተለካም» ማለት ነው። እሱን ሳያወጣ አማካይ የሚሠራ ሰው ስንት አለ መሰለሽ! ከዚያ አማካዩን ከሁሉም ነጥብ ቀንሺ።

አሁን ሒሳቡን በሁለት መንገድ ሥሪው። አንደኛው ቆጠራ ነው። መስመሩ ዜሮን ወደ ላይ ባቋረጠ ቁጥር አንድ ማዕበል ቁረጪ። ቁመታቸውን ለክተሽ ደርድሪና የረጃጅሞቹን አንድ ሦስተኛ አማካይ ውሰጂ። ሲግኒፊካንት ዌቭ ሃይት የሚባለው እሱ ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው፦ የዚያኑ መዝገብ ስታንዳርድ ዲቪየሽን (ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳየውን ቁጥር) በ4 አባዢ። ኤክሴል ይበቃዋል። ስፔክትረም፣ ማለትም የማዕበሉ ጉልበት በየድግግሞሹ ተከፋፍሎ የሚታይበት ግራፍ፣ የሚያስፈልግሽ ለፔሬዱ (አንድ ማዕበል አልፎ ሌላው እስኪመጣ ላለው ጊዜ) ነው፤ ከሩቅ የመጣውን ረጅም ማዕበል ነፋስ እዚያው ካስነሳው የሚለይልሽ እሱ ነው።

ሁለቱ መልሶች መቀራረብ አለባቸው። በ4 ያባዛሽው 2 ሜትር ብሎ ቆጠራው 1.9 ካለ ጤነኛ ነው። 1.2 ካለ ግን አንድ ነገር አለ። ወይ የተተኮሰ ነጥብ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑን አሳብጦታል፣ ወይ ዜሮ አካባቢ ያለው መንቀጥቀጥ ሐሰተኛ ትንንሽ ማዕበሎችን አስቆጥሮሻል። ያንን መዝገብ ሳታጣሪ ወደ ወር አማካይ እንዳታስገቢ።

አቅጣጫ ላይም ተጠንቀቂ። የ350 እና የ10 ዲግሪ ተራ አማካይ 180 ይሰጥሻል፣ ሰሜኑ ደቡብ ሆነ ማለት ነው! የሳይኖቹንና የኮሳይኖቹን አማካይ ለየብቻ ሥሪና ከዚያ ወደ ዲግሪ መልሺው። ሰዓቱን ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ተዪው፤ ወደ ሐበሻ ሰዓት መገልበጥ ትርፉ ድካም ነው።

አማካሪሽ ስለ ትልቁ ማዕበል መጠየቃቸው አይቀርም። ሲግኒፊካንቱ 2 ሜትር ሲሆን፣ ከ1,000 ማዕበል ትልቁ 1.86 እጥፍ ገደማ ይጠበቃል፤ 3.7 ሜትር አካባቢ ማለት ነው።

የአንዱን መዝገብ ግራፍ እዚህ ለጥፊውና አብረን እንየው።